የኮምቦልቻ መንገዶች ከመነጠፋቸው በፊት ሙቀታቸው ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የኮሪደር ልማቱ ቀጥሏል። የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲተከል፣ የአበባ መደብ ሲዘጋጅ እያየን ነው፤ ደስ ይላል። ይሁንና መንገድ አንዴ ከተነጠፈ፣ ለዛፉም አንዴ ጉድጓዱ ከተቆፈረለት በኋላ የሚስተካከለው በብዙ ወጪ ነው። ስለዚህ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ የቀጣዩ ምዕራፍ ዲዛይን ከመጽደቁ በፊት የየመንገዱ ሙቀት በአግባቡ ይለካ፤ ጥላው የት የት መውደቅ እንዳለበትም ከልኬቱ ተነሥቶ ይሰላ እንላለን። ሥራው ከባድ በጀት አይጠይቅም። እንዴት እንደሚሠራና የቱ ጋ እንደሚበላሽ ማወቅን ግን ይጠይቃል፤ ደብዳቤያችን የረዘመውም ለዚህ ነው።

ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መናኸሪያ አካባቢ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው "ተቃጠልኩ" ይላል፤ የዕለቱ የአየር ትንበያ ደግሞ 29 ወይም 30 ዲግሪ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ትንበያው የሚናገረው ሣር ላይ በቆመ፣ ፀሐይ በማይገባው ነጭ ሣጥን ውስጥ ስለሚለካ አየር ነው። ሰውየውን የሚያሞቀው ግን አየሩ ብቻ አይደለም። ከላይ ፀሐይዋ፣ ከሥር አስፋልቱ፣ ከጀርባው ሲግል የዋለው ግድግዳ ሁሉም ጨረር ይለቁበታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲሰላ አማካይ የጨረር ሙቀት ይባላል። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥርና ከዚያ 10 ሜትር ርቆ ባለ ፀሐያማ አስፋልት መካከል ያለው የአየር ሙቀት ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ አይበልጥም፤ የጨረር ሙቀቱ ልዩነት ግን በጠራራ ቀን ከ20 ዲግሪ ያልፋል። "ዛፍ የሚቀንሰው አንድ ዲግሪ ነው፣ ምን ዋጋ አለው?" የሚለው ክርክር የሚመጣው የአየሩን ሙቀት ብቻ ለክቶ ከማቆም ነው።

የጨረር ሙቀትን በስድስት አቅጣጫ የሚለኩ ውድ መሣሪያዎች አሉ። ለከተማ አስተዳደር አቅም የሚመቸው ግን ግሎብ ቴርሞሜትር ነው፤ እሱንም እዚሁ መሥራት ይቻላል። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ በማያብለጨልጭ ግራጫ ቀለም ይቀባል፤ በጠባብ ቀዳዳ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር እስከ መሀሉ ይገባል፤ ቀዳዳው በሲሊኮን ይደፈናል። ጥቁር ቀለም አይመከርም፤ ፀሐይን ከሰው ቆዳና ልብስ አብልጦ ስለሚመጥ ንባቡን ያጋንነዋል። የተለመደው 150 ሚሊ ሜትር የመዳብ ግሎብ ለቤት ውስጥ ሥራ አስተማማኝ ነው፤ ውጭ ግን ከአካባቢው ጋር ለመስተካከል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ደመና መጣ ሄደ በሚልበት የበልግ ሰማይ ሥር እስከዚያ መጠበቅ አይቻልም። ትንሹን ኳስ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከጎኑ የአየር ሙቀት፣ እርጥበትና የነፋስ ፍጥነት አብረው ይለካሉ፤ ሁሉም ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም የቆመ ሰው የሰውነቱ መካከል በሚሆንበት ቁመት።

ነፋሱን ማንም አቅልሎ እንዳያየው። የጨረር ሙቀቱ በቀመር የሚሰላው ከኳሱ፣ ከአየሩና ከነፋሱ ንባብ ነው። ለማሳየት ያህል፣ አየሩ 28 ዲግሪ፣ ግራጫው ኳስ 36 ዲግሪ፣ ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ቢሆን የጨረር ሙቀቱ ወደ 61 ዲግሪ ይወጣል። ዛፍ ሥር አየሩ 27.5፣ ኳሱ 29.5 ቢያነብ ስሌቱ 37 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። አሁን በመጀመሪያው ምሳሌ ላይ ነፋሱ 1 ሜትር ሳይሆን ግማሽ ሜትር ነበር እንበል፤ 61 የነበረው ወደ 53 ይወርዳል። በግማሽ ሜትር ስሕተት 8 ዲግሪ ጠፋ ማለት ነው። የሚሽከረከሩ ኩባያዎች ያሉት የነፋስ መለኪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፤ በሕንፃዎች መሀል የሚገኘው ነፋስም ብዙ ጊዜ እዚያው ገደማ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገዛው መለኪያ በድምፅ ሞገድ ወይም በጋለ ሽቦ የሚሠራው ይሁን። በጀት ካነሰ ከሌላ ነገር ላይ ይቀነስ፤ ከዚህ ላይ አይቀነስ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከፍታችን ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷም ወደ 81 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፤ ባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። በመመሪያዎች ላይ ያለው የግሎብ ቀመር የተቀመረው ለባሕር ጠለል አየር ነው። እኛ ጋ አየሩ ሳሳ ስለሚል ከኳሱ ላይ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል፤ በቀመሩ ውስጥ ያለው የነፋሱ ክፍል በ0.88 ገደማ ተባዝቶ ካልታረመ ያ 61 ዲግሪ በእውነቱ 58 ሆኖ ሳለ 61 ተብሎ ይመዘገባል። በእርጥብና በደረቅ ቴርሞሜትር እርጥበት ለሚለኩም ያው ነው። ደረቁ 28፣ እርጥቡ 18 ቢያነብ የባሕር ጠለል ሰንጠረዥ 37 በመቶ ይላል፤ በኮምቦልቻ ግፊት ሲሰላ 40 በመቶ ነው። ደሴ ላይ ግፊቱ ወደ 75 ስለሚወርድ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ትክክለኛነቱ በ0.2 ዲግሪ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ርካሹና በገበያ የተለመደው የ0.5 ዲግሪ ዓይነት በመንገድና በመንገድ መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ለመለየት አይሆንም። ሴንሰሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ግን መከለያው ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። ነጭ የፕላስቲክ ሰሃኖችን ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጎ በመደራረብ መከለያ መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም ስስ ፕላስቲክ ብርሃን ያሳልፋልና ውስጡ ጥቁር፣ ውጭው ነጭ መቀባት አለበት። ነፋስ በሌለበት ጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ መከለያ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ አብልጦ ያነባል፤ ይህ ደግሞ የምንፈልገውን ልዩነት ራሱን ያህላል። መፍትሔው ከኮምፒውተር የሚወጣ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ገጥሞ አየሩን በሴንሰሩ ላይ ቢያንስ በሰከንድ 3 ሜትር ማስሳብ ነው። ማራገቢያው ከሴንሰሩ በኋላ ይሁን፤ ከፊቱ ከሆነ የሞተሩን ሙቀት ይነፋበታል። መከለያው ላይ አቧራ ሲከማች ነጭነቱ ስለሚጠፋ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ይወልወል፤ ሸረሪትና ጉንዳንም ውስጡ ቤት መሥራት ይወዳሉ።

መሣሪያዎቹ ከመበተናቸው በፊት ሁሉም አንድ ቦታ፣ ቢቻል በኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አጠገብ፣ ለ7 ቀናት ጎን ለጎን ይቀመጡ። አንዱ ከሌላው የሚለይበት መጠን ተመዝግቦ ይቀነሳል። ሥራው ሲያልቅ ይህ ይደገማል። ይህን ሳምንት የዘለለ ቡድን "መናኸሪያው ከቦርከና ወንዝ ዳር በ0.8 ዲግሪ ይሞቃል" ቢል የሚያወራው ስለ መንገዱ ይሁን ስለ ሴንሰሩ ማንም አያውቅም።

ከዚያ መሣሪያው በሁለት ይከፈላል። ቋሚዎቹ፣ 8 ያህል፣ የአየር ሙቀትና እርጥበት ብቻ ይለካሉ፤ ምሰሶ ላይ በ3 ሜትር ከፍታ ይታሰራሉ፤ በየ10 ደቂቃው አማካይ ይመዘግባሉ። በመንገድ ውስጥ ያለው አየር የተደባለቀ ስለሆነ 3 ሜትር ለአየር ሙቀት ችግር የለውም፤ ከሌባም ይሰውራል። ምሰሶው ከግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ ከዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ፣ ከጄኔሬተርና ከአየር ማቀዝቀዣ ጀርባ አይሁን። ቦታዎቹ የተለያየ ባሕርይ ይኑራቸው፦ ክፍት ሣር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ዳርቻ፣ መናኸሪያ፣ ሱቅ የተጨናነቀበት የገበያ መንገድ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈ ሰፈር፣ የቦርከና ዳር፣ ዛፍ የበዛበት ግቢ፣ ተዳፋት ላይ ያለ መኖሪያ። ግሎቡና የነፋስ መለኪያው ግን በእጅ ጋሪ ላይ ተጭነው ሰው እየገፋቸው ይዞራሉ፤ በየነጥቡ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይቆማሉ። የሚገፋው ሰው ሲቆም በሰሜንም በደቡብም ጥላው ኳሱ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ። የማታ ልኬት በባጃጅ ይፈጥናል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተማው ከገጠሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ በደንብ ይታያል። የባጃጅ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ሴንሰሩ ከፊት ይሰቀል፤ ቆሞ የተነበበው ንባብም ይጣል።

ብዙዎች "ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ለምን?" ይሉናል። ላንድሳት 8 እና 9 ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን በእኛ ሰማይ የሚያልፉት ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሙቀት ምስላቸውም አንዱን ነጥብ በ100 ሜትር ስፋት ነው የሚያየው፤ የእግረኛ መንገድ እዚያ ውስጥ አይለይም። የሚለኩትም ከላይ የሚታየውን ገጽ እንጂ ሰው የሚቆምበትን ከፍታ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ቆርቆሯችን ነው። አዲስ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ በፀሐይ እንቁላል እስኪጠብስ ቢግልም ሙቀቱን በጨረር መልክ የሚለቀው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ በሳተላይት ካርታ ላይ "ቀዝቃዛ" ሆኖ ይወጣል። ያንን ካርታ ያመነ ፕላነር እጅግ የጋለውን ሰፈር ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ያልፈዋል። በእጅ የሚያዘው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርም በዚያው መንገድ ይሸወዳል። ቆርቆሮው ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ፕላስተሩ ላይ ማነጣጠር ነው። ልዩነቱን ያየ ሰው ሁለተኛ ባዶ ቆርቆሮ ላይ አያነጣጥርም።

ልኬቱ የዛሬዋን ከተማ ይነግረናል፤ ገና ያልተተከለውን ዛፍ የሚነግረን የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ከነጻዎቹ ውስጥ የስዊድኑ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ሶልዌግ ለእኛ ሥራ ይበቃል፤ ነጻ በሆነው የካርታ ፕሮግራም በኪውጂአይኤስ ውስጥ ይሠራል። የየነጥቡን የሰማይ ዕይታ (ከነጥቡ ላይ ሆኖ የሚታየውን የሰማይ መጠን) እና ጥላ በየሰዓቱ አስልቶ የጨረር ሙቀትን በካርታ ያወጣል። ኤንቪሜት የተባለው የጀርመን ሞዴል የነፋሱን አካሄድና የዛፉን ትነትም ያሰላል፤ ግን የአንድ ቀን ስሌቱ በተራ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በእሱ መጀመር አስፈላጊ አይመስለንም። ሶልዌግ የሚፈልገው የሕንፃና የዛፍ ቁመት ካርታ በ1 ወይም በ2 ሜትር ዝርዝር ነው፤ በነጻ የሚገኘው የ30 ሜትር የመሬት ከፍታ መረጃ እዚህ አይረዳም። ለ500 ሜትር መንገድ ድሮን እንኳ ባይኖር በሌዘር ሜትር እየለኩ፣ የፎቁን ቁጥር በ3 ሜትር እያባዙ በሁለት ቀን ማዘጋጀት ይቻላል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ባለሙያ ብቻ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፤ ሰዓታችንና ቀናችን። ከሰዓት በኋላ "8 ሰዓት" ተብሎ ማስታወሻ ደብተር ላይ የሰፈረ ንባብ እንዳለ ሞዴሉ ውስጥ ከገባ የጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል፤ ጥላው ሁሉ በተቃራኒው ወገን ይወድቃል። ግንቦት 7 "ዘጠነኛ ወር፣ ሰባተኛ ቀን" ተብሎ ከገባ ደግሞ ሞዴሉ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 7፣ ማለትም ጳጉሜን 2 አድርጎ ያሰላዋል፤ በዚያን ዕለት የቀትር ፀሐይ ከደቡብ ስትሆን በግንቦት ግን ከሰሜን ናት። ካርታው የተዋበ ሆኖ ስለሚወጣ ስሕተቱን ለማየት ይቸግራል። ቀላሉ መፈተኛ በአንድ የታወቀ ምሰሶ ጥላ ማረጋገጥ ነው፦ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ መሀል የምትሆነው በእኛ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት የምሰሶው ጥላ አጭር ሆኖ በሰሜን ደቡብ መስመር ላይ መውደቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የሞዴሉ ውጤት ከጋሪው ልኬት ጋር ይነጻጸር፤ አማካይ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ በእሱ ተመርቶ ዛፍ መትከል አይገባም።

የፀሐይዋ ነገር ከተነሣ፣ ከአውሮፓ መጻሕፍት የተቀዳ ዲዛይን ለምን እዚህ እንደማይሠራ ይታያል። ኮምቦልቻ በሰሜን 11 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ 11 ወይም 12 ገደማ በአናታችን ታልፋለች፤ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ድረስ በቀትር በስተሰሜን ትውላለች። ግንቦት አጋማሽ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከፍታዋ 50 ዲግሪ፣ አቅጣጫዋ ከምዕራብ ጥቂት ወደ ሰሜን ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ መንገድ ላይ በምዕራብ ያለ 10 ሜትር ሕንፃ ወደ 8 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ የምዕራቡ እግረኛ ይድናል፣ የምሥራቁ ይቃጠላል። ስለዚህ ለአንድ ረድፍ ዛፍ ብቻ በጀት ካለ በምሥራቁ የእግረኛ መንገድ ይተከል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚሄድ መንገድ ላይ ግን ያው ሕንፃ ወደ መንገዱ የሚጥለው 2.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም በሰሜን በኩል ያለው ሕንፃ። ደቡቡ በዚያ ሰዓት ምንም አይጠቅምም። እንዲህ ባሉ መንገዶች ላይ ሕንፃ ተስፋ አይጣልበትም፤ በሁለቱም ወገን ዛፍ ወይም የሱቆቹን በረንዳ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ዛፉም ዛፍ ስለሆነ ብቻ አይበቃም። ዘንባባ ያምራል፤ ጥላው ግን ሊስትሮውንም አይሸፍንም። ጃካራንዳ ቅጠሉን አርግፎ የሚያብበው በበጋው መጨረሻ፣ ጥላ በሚፈለግበት ሰሞን ነው። ቁንዶ በርበሬ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይለየውም፣ ድርቅም ይችላል። ዋንዛ ጥላው ሰፊ ነው። ሾላ ለአደባባይና ለወንዝ ዳር እንጂ ለጠባብ መንገድ አይሆንም። ከዝርያው በላይ የሚወስነው ግን አፈሩ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር ጥላ ከ0.3 እስከ 0.6 ሜትር ኩብ የለሰለሰ አፈር ያስፈልጋል፤ 6 ሜትር የሚሰፋ አናት ላለው ዛፍ ከ8 እስከ 17 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በኮንክሪት የታጠረች 1 ሜትር በ1 ሜትር ጉድጓድ የምትይዘው 1 ሜትር ኩብ ነው። እንዲህ የተተከለ ዛፍ አይሞትም፣ አያድግምም፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ቁጥቋጦ ነው። በኮብልስቶኑ ሥር 1.5 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ሳይቋረጥ ቢሄድና ዛፎቹ በ8 ሜትር ቢራራቁ ለእያንዳንዱ 12 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል። ይህ የሚታሰበው ከንጣፉ በፊት ነው።

መሬቱን ነጭ ቀለም እንቀባ የሚለው ሐሳብም አልፎ አልፎ ይነሣል። ሎስ አንጀለስ ላይ ተሞክሮ የተለካው እንደሚያሳየው ገጹ በርግጥ ቀዘቀዘ፤ በላዩ የሚሄደው ሰው ግን ከመሬት የሚንፀባረቀው ፀሐይ ተጨምሮበት በቀትር የጨረር ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ከፍ አለ። ነጭ ቀለም ለኮምቦልቻ መጋዘንና ለኮርኒስ አልባ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሁን እንጂ ለእግረኛ መንገድ አይሁን።

ደሴን በዚያው ሚዛን መመዘን አይገባም። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንገባ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለናል፤ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ በሚለው ስሌት ብቻ ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ይመጣል። ኅዳር ላይ የሚንቀጠቀጥ ከተማ ነጭ ጣሪያ አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ያስፈልገዋል። የደሴ ጉዳይ አየሩ ነው። ማታ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በሸለቆዎቹ በኩል ገብቶ የምድጃና የመኪና ጭሱን ይጠርጋል። የሸለቆዎቹ አፍ በረጅም ሕንፃ ከተደፈነ ጭሱ ከተማው ላይ ተኝቶ ያድራል። የጀርመኗ ሽቱትጋርት እንደ ደሴ በተራሮች መሀል ያለች ከተማ ናት፤ ከ1938 ጀምሮ በማዘጋጃ ቤቷ የአየር ንብረት ባለሙያ ቀጥራ እነዚህን የአየር መውረጃዎች ከግንባታ ትጠብቃለች። ደሴ ላይ በሦስት ሸለቆዎች፣ በእያንዳንዱ ከላይና ከታች ሁለት ሴንሰር ተሰቅሎ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋት ቢመዘገብ የትኛው ሸለቆ አየር እንደሚያወርድ ይታወቃል።

ስለዚህ ለሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች ያለን ጥያቄ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 8 ቋሚና 2 ባለ ጋሪ መለኪያ፣ ደሴ ላይ 6 ቋሚ ሴንሰር ይተከል። የቋሚዎቹ መረጃ ለአንድ ዓመት ይሰብሰብ፤ የጋሪው ልኬት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 5 ጠራራ ቀን፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌላ 5 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በየሰዓቱ ይወሰድ። ጥሬ ቁጥሩ ሳይታረም፣ ከየቦታው በአራት አቅጣጫ ከተነሣ ፎቶ ጋር፣ ለሕዝብ ይለቀቅ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሌላውም ባለሙያ ስሌቱን ደግሞ መሥራት እንዲችል። ግዥው፣ የጎን ለጎን ሳምንቱና ተከላው ተደምሮ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳልና የካቲት ላይ ቢጀመር ለሚያዝያ ይደርሳል። ከዘገየ የክረምቱ ደመና ቀድሞ ይገባል፤ በደመና ሥር የተወሰደ የግሎብ ንባብ ደግሞ ለጥላ ዲዛይን ስለማይሆን እስከ ቀጣዩ ሚያዝያ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማ አየር ልኬት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ኮምቦልቻ